በነባር ኮአክሲያል ገመድ ላይ የቤት ውስጥ ኔትወርክ መዘርጋት፦ ቅድመ ሁኔታዎቹና የሳተላይት ዲሽ ገመድ ጥያቄ

አጽሕሮተ ጥናት

ለቴሌቪዥን ተብሎ በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ኮአክሲያል ገመድ፣ ተገቢው አዳፕተር ከተገጠመለት፣ ግድግዳ መሰርሰር ሳያስፈልግ የቤት ውስጥ ኔትወርክን ሊሸከም ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሞካ በመባል የሚታወቀውን ስታንዳርድ መሠረት በማድረግ የአሠራሩን መርሕ፣ ሊሟሉ የሚገባቸውን ቅድመ ሁኔታዎችና በኢትዮጵያ ቤቶች በሚገኘው የሳተላይት ዲሽ ገመድ ላይ የሚያጋጥመውን ተቃርኖ ይመረምራል። ዋናው ነጥብ የገመዱ መኖር ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ወሳኙ ጉዳይ በገመዱ ላይ አስቀድሞ የሚጓዘው ሲግናል የትኛውን የፍሪኩዌንሲ ክልል እንደያዘ ነው።

1. መግቢያ

የዋይፋይ ሲግናል በኮንክሪትና በብሎኬት ግድግዳ ባለፈ ቁጥር ይዳከማል፤ የ5 ጊጋኸርዝ ሲግናል ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ ይበልጥ ይጎዳል። በመሆኑም ወደ ቤት የሚገባው መስመር ፈጣን ቢሆንም ከራውተሩ ራቅ ባለው ክፍል የሚሠራ ሰው የከፈለበትን ፍጥነት ላያገኝ ይችላል። መፍትሔው በገመድ መገናኘት ቢሆንም አዲስ ገመድ መቅበር ወጪ አለው፤ በኪራይ ቤት ደግሞ የአከራይን ፈቃድ ይጠይቃል።

ኮአክሲያል ገመድ ለዳታ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል የተጀመረው ኢተርኔት ራሱ በኮአክሲያል ገመድ ላይ የተገነባ ነበር። በ1980ዎቹ የተስፋፋው ቀጭኑ ኢተርኔትም በ50 ኦም ገመድ እስከ 185 ሜትር ድረስ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። የቴሌቪዥን ገመድ ኢምፔዳንስ ግን 75 ኦም ነው፤ ከዚህም በላይ በላዩ ላይ ሌላ ሲግናል ይጓዛል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ነባሩን አገልግሎት ሳያውኩ ዳታን በዚያው ገመድ እንዴት ማሳለፍ ይቻላል የሚል ነው።

2. የአሠራር መርሕ

ሞካ የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተው መልቲሚዲያ ኦቨር ኮአክስ አሊያንስ ከተባለ የኢንዱስትሪ ማኅበር የመጣ ነው። በ2016 የወጣው የ2.5 ስሪት እስከ አምስት የሚደርሱ ባለ 100 ሜጋኸርዝ ቻናሎችን በማጣመር በሰከንድ እስከ 2.5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በቤት ውስጥ በተለምዶ የሚሠራበት ክልል ከ1125 እስከ 1675 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ሲግናል በአብዛኛው እስከ 1002 ሜጋኸርዝ ስለሚያበቃ ሁለቱ ሳይነካኩ በአንድ ገመድ ይጓዛሉ።

ሲግናሉ በብዙ ጠባብ ንዑስ ሞገዶች ተከፋፍሎ ይላካል። ስፕሊተሮችና ያልተዘጉ የገመድ ጫፎች ሲግናሉን እያንጸባረቁ የተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎችን ያዳክማሉ፤ አዳፕተሩ በተጎዱት ንዑስ ሞገዶች ላይ ጥቂት ቢት፣ በጤነኞቹ ላይ ብዙ ቢት በመጫን ችግሩን ይቋቋማል። በአንድ ኔትወርክ እስከ 16 መሣሪያዎች ሊገናኙ ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱ አስተባባሪ ሆኖ ለእያንዳንዱ የማስተላለፊያ ጊዜ ይመድባል። ገመዱ የጋራ በመሆኑ የተጠቀሰው ፍጥነት በሁሉም መሣሪያዎችና በሁለቱም አቅጣጫዎች መካከል የሚከፈል ነው።

3. ቅድመ ሁኔታዎች

አንደኛው ሁኔታ ገመዶቹ በእርግጥ የተገናኙ መሆናቸው ነው። በግድግዳ ላይ ሶኬት መታየቱ ከጀርባው ያለው ገመድ ከሌላው ክፍል ጋር መያያዙን አያረጋግጥም። ሁለተኛው የስፕሊተሩ ዓይነት ነው፤ እስከ 1000 ሜጋኸርዝ ብቻ የተሠራ የቆየ ስፕሊተር በሞካ ክልል አስተማማኝ ስለማይሆን እስከ 1675 ሜጋኸርዝ በሚያሳልፍ መተካት አለበት። ሥራ ላይ የማይውሉ የስፕሊተር መውጫዎች በ75 ኦም መዝጊያ መዘጋት ይኖርባቸዋል። በመካከል የቴሌቪዥን ሲግናል ማጉያ ካለም የሞካን ክልል የሚያሳልፍ መሆኑ ይጣራ።

ሦስተኛው ሁኔታ ገመዱ ወደ ቤቱ በሚገባበት ነጥብ፣ ከመጀመሪያው ስፕሊተር በፊት፣ ማጣሪያ መግጠም ነው። ማጣሪያው የሞካ ሲግናል ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ያግዳል፤ ወደ ቤት መልሶ በማንጸባረቅም በክፍሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ያጠናክራል። ማጣሪያ በሌለበት የጋራ መስመር የአንድ ቤት ኔትወርክ ከጎረቤት ቤት መሣሪያ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የግላዊነትም ነው። የአዳፕተሮቹን የምስጠራ የይለፍ ቃል መሙላትም ስለዚህ የግድ ነው።

የኬብል ኢንተርኔት ሞደሙ ዶክሲስ 3.1 ከሆነና አቅራቢው እስከ 1218 ሜጋኸርዝ ድረስ የሚጠቀም ከሆነ ሁለቱ ሲግናሎች ከ1125 ጀምሮ ይደራረባሉ። በዚህ ጊዜ ሞደሙ ከማጣሪያው በፊት በራሱ መስመር ይያያዛል። ቤቱ በገመዱ ቴሌቪዥን የማያይ ከሆነ ደግሞ የክፍሎቹን ገመድ ከአቅራቢው መስመር ፈጽሞ መለየት ከሁሉ ይቀላል።

4. የሲግናል ስሌት

ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ20 ሜትር አርጂ-6 ገመድ ከአንድ ስፕሊተር ጋር ተያይዘዋል እንበል። በ1450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ገመዱ በ100 ሜትር ወደ 26 ዴሲቤል ያጠፋል፤ ስለዚህ 40 ሜትሩ 10.4 ዴሲቤል ያስከፍላል። ሲግናሉ ከአንዱ የስፕሊተር መውጫ ወደ ሌላው ሲሻገር 25 ዴሲቤል ቢያጣ ድምሩ 35.4 ዴሲቤል ይሆናል፤ ይህም ከተላከው ኃይል 3,500 እጅ ያህል ያነሰ ይደርሳል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ሌላ ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር ቢጨመር 3.5 ዴሲቤል ተጨምሮ የቀረው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለሆነም ከአዳፕተር ምርጫ በፊት አላስፈላጊ ስፕሊተሮችን ማስወገድ ይቀድማል።

5. የዲሽ ገመድ ጥያቄ

በኢትዮጵያ በቤት ውስጥ የሚገኘው ኮአክሲያል ገመድ በአብዛኛው ከዲሽ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ነው። ይህ ገመድ ከኬብል ቴሌቪዥን ገመድ በሦስት ነገሮች ይለያል። በመጀመሪያ፣ ከኤልኤንቢ የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ይይዛል፤ የተለመደው የሞካ ክልል ሙሉ በሙሉ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱ በአንድ ገመድ ቢላኩ ሥዕሉም ኔትወርኩም ይታወካል። ቀጥሎ፣ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ ለዚህ ያልተሠራ አዳፕተር ሊጎዳ ይችላል። በመጨረሻም፣ የሁለት ክፍሎች ገመዶች ጣሪያ ላይ ከኤልኤንቢው የተለያዩ መውጫዎች ጋር ስለሚያያዙ በመካከላቸው የዳታ መንገድ የለም።

መውጫው ከ950 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን ክልል መጠቀም ነው። ዳይሬክቲቪ የተባለው የአሜሪካ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት የሞካን ሲግናል ከዚህ ወሰን በታች በማውረድ በዲሽ ገመድ ላይ አሠርቷል። ጂ.ኤችኤን የተባለው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስታንዳርድም በኮአክሲያል ላይ እስከ 200 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። ይሁንና ለሁለት ክፍሎች ሁለቱን ክልሎች የሚያጣምርና የሚለያይ ዳይፕሌክሰር በየገመዱ ጫፍ፣ በድምሩ አራት፣ ያስፈልጋል፤ በጣሪያ ላይ የሚሆኑት ሁለቱ ደግሞ ከዝናብ መጠበቅ አለባቸው።

6. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት ምክሮች ይከተላሉ። ዲሹ ከተነሣ ወይም ሥራ የፈታ ገመድ ካለ፣ የሁለቱን ክፍሎች ገመዶች ከኤልኤንቢው ነቅሎ እርስ በርስ በማያያዝ ሞካን መጠቀም ቀላልና አስተማማኝ ነው። ዲሹ በሥራ ላይ ከሆነ ከ950 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠሩ መሣሪያዎች ብቻ መታሰብ አለባቸው። በግድግዳው ውስጥ ገመድ ማሳለፍ የሚቻልበት ቱቦ ካለ ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፍ የኢተርኔት ገመድ መሳብ ከአራት ዳይፕሌክሰርና ከሁለት አዳፕተር ሊረክስ ይችላል። ነባር ገመድ ሀብት የሚሆነው ምን እንደሚሸከምና ከየት ወዴት እንደሚሄድ ከተጣራ በኋላ ነው፤ ማጣራቱም ከግዢው መቅደም አለበት።