የግጥም ምጣኔና ወጣት ገጣሚ

ግጥም የማይወድ ወሎዬ ማግኘት ያስቸግራል። በሠርግ ቤት፣ በጅጌ ማሳ ላይ፣ በለቅሶ፣ በመንዙማ፣ በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ሁሉ ግጥም አለ። ይሁን እንጂ እኛ ተማሪዎች ለመግጠም ብዕር ስናነሣ አንድ ነገር እንዘነጋለን፤ ይኸውም ምጣኔ ነው። ስለዚህ ምጣኔ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚለመድ፣ ያወቅሁትን ያህል በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ያወቅሁትም ከስሕተቴ ነው። በወላጆች ቀን ከሰው ፊት ቆሜ ያነበብሁት ግጥም እንዲህ ብሎ ይጀምር ነበር፤

ብርሃን ነው ትምህርት፣ ጨለማን የሚገፋ፤
ተነሡ ተማሪዎች፣ ጊዜ ሳይጠፋ።

ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ከእኔ ቀጥላ ለማንበብ ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት የክፍል ጓደኛችን ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ግጥሟን እስከ ዛሬ ማንም አልሰማውም።

ማታ ለአያቴ አነበብሁላት። አያቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ካስደገመችኝ በኋላ «ልጄ፣ ቤቱስ መትቷል፤ አካሄዱ ግን ያነክሳል። እስቲ እያጨበጨብህ በለው» አለችኝ። ባጨበጨብሁ ጊዜ እጄና አፌ ተለያዩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ቍጥር ነው። ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ ምት ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው እንጂ የተጻፈው ፊደል አይደለም። «ጨለማ» ሦስት ፊደል ነው፤ ቀለሙም ሦስት ነው። «ትምህርት» ግን ሲጻፍ አምስት ፊደል፣ ሲነገር «ትም» «ህርት» ተብሎ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከቀደመው ፊደል ጋራ ተጣብቆ ስለሚነገር በዓይን የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል፤ መቍጠር በጆሮ ነው።

አሁን የእኔን ስንኞች እንመርምር። ሁለቱም 12፣ 12 ቀለም አላቸው፤ ቤታቸውም በ«ፋ» ይመታል። ታዲያ ጕድለቱ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ስንኝ በመካከሉ ማረፊያ ስላለው በሁለት ሐረግ ይከፈላል። የፊተኛው ስንኝ 5 እና 7፣ የኋለኛው 7 እና 5 ሆኗል። በአንዱ ሐረግ አንድ ቀለም ጐድሎ በሌላው አንድ ቀለም ተርፏል፤ ማረፊያውም ቦታውን ለቋል። ከአያቴ ጋራ ስናቃናው 6 እና 6 ሆኖ እንዲህ ወጣ፤

ትምህርት ነው ብርሃኑ፣ ጨለማ ሲከፋ፤
ተማሪ ተነሣ፣ ይህ ጊዜ ሳይጠፋ።

ይህ 6 በ6 የሚሄደው ምጣኔ «የወል ቤት» ይባላል፤ ብዙው የሕዝብ ግጥም የሚሄደው በእርሱ ነው። ከእርሱ ሌላ 4 በ4 የሚሄደው «ቡሄ በሉ» አለ፤ ለምሳሌ፣ «ዝናም መጣ፣ በሬ አውጣ»። 5 በ5 የሚሄደው ደግሞ «ሰንጎ መገን» ይባላል፤

ገበሬው ቆሞ፣ ሰማዩን ያያል፤
ደመናው ሸሽቶ፣ ውርጩ ይወርዳል።

8 በ8 የሚሄደው ረዥሙ ምጣኔ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «የጸጋዬ ቤት» ተብሏል።

በቍጥር መድከም የእኛ ብቻ አይደለም። በባስራ ከተማ የኖረው ኻሊል ኢብን አሕመድ በ8ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የዐረብን ግጥም በ15 ሚዛን ደነገገው። ሥርዓቱ ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ ኡርዱ ቋንቋ ተሻገረ። የእነርሱ ሚዛን ከእኛ ይከብዳል፤ ቍጥር ብቻ ሳይሆን ረዥምና አጭር ቀለም በተወሰነ ተራ እንዲሰለፉ ይጠይቃልና። የኡርዱው ባለቅኔ ሚርዛ ጋሊብ (1797–1869 እ.ኤ.አ.) ደቀ መዛሙርቱ የሚልኩለትን ግጥም በደብዳቤ እያረመ ይመልስላቸው ነበር። በአገራችንም «መንዙማ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ፣ እንደ ዶቃ በሥርዓት የተደረደረ ማለት ነው። ወሎ እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ፣ የአማርኛ ግጥም በዐረብ ፊደል የጻፉ ሊቃውንት የታወቁበት አገር ነው።

ወደ ቅኔ ቤት ብንመለስም ያው ነው። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች አንዱ ዋድላ የሚጠራው በዚሁ በወሎ ምድር ስም ነው። ተማሪው መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ብቻውን ዱር ገብቶ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውልበት ሥራ ራሱ «ቅኔ ቈጠራ» ይባላል። የቈጠረውንም ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያቃኑለታል። እንግዲህ በባሕር ማዶም በአገራችንም ገጣሚን የሚያሳድገው አራሚ ነው።

ለመግጠም ለሚፈልግ ጓደኛዬ የምመክረው ይህ ነው።

1ኛ፤ በሁለት ስንኝ ጀምር፤ ረዥም ግጥም አትመኝ።

2ኛ፤ የጻፍኸውን ጮኸህ አንብብ፤ እያጨበጨብህም ቀለሙን በጣትህ ቍጠር።

3ኛ፤ ጆሮ ላለው ሰው አሰማ፤ ያልተማረች አያት ብትሆንም አትናቅ።

4ኛ፤ ሐሳብ የሌለው ግጥም ምጣኔው ቢያምር ባዶ አቍማዳ መሆኑን አትርሳ።

ለአድማጭም አንድ ቃል አለኝ። ጓደኛህ ሲያነብ ስንኙ ቢያነክስ አትሳቅ፤ የትኛው ቀለም እንደ ጐደለ ንገረው። የእኔ ስሕተት በአንድ ምሽት ተቃና፤ ያች ተመልሳ የተቀመጠች ልጅ ግን አቃኚ አላገኘችም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምዘጋው ለእርሷ በገጠምሁላት በወል ቤት ነው፤ አንባቢም ቈጥሮ ይፍረደኝ።

ያጠፍሽው ወረቀት፣ ዘርጊው እንደገና፤
ባንዲት ቀለም ጕድለት፣ ግጥም አይሞትምና።