የንግድ ቤት ሠራተኞች በአንድ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ስለሚገቡበት አሠራር

ከ1894 ዓ.ም. የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ የጋምቤላ ንግድ በባሮ ወንዝ በመርከብ ይካሄድ በነበረበት ዘመን፣ ሥራው የሚበረታው ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። ዛሬም ከጎደሬ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ለወቅቱ ጸሐፊና መዛኝ ይቀጥራል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያሰናብታል። ተሰናባቹ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይመልሳል። በኮምፒዩተር ላይ የተመዘገበው ስሙና የይለፍ ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ ስለሚቀር፣ የዋጋውና የደንበኞቹ መዝገብ ከቤቱ ለወጣ ሰው ክፍት ሆኖ ይኖራል።

እንደ ሊኑክስ ባሉት የዩኒክስ ወገን በሆኑት ኮምፒዩተሮች ዘንድ የዚህ ምክንያት፣ ሌላ ዝግጅት ካልተደረገ በቀር፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የተጠቃሚዎችን ስም በየራሱ መዝገብ መያዙ ነው። በሜጢ፣ በጋምቤላና በአዲስ አበባ ቢሮ ያለው ነጋዴ አንዱን ሠራተኛ ለመዝጋት ሦስቱንም ቦታ ማዳረስ አለበት። ከዚህ የባሰም አለ። መሣሪያው የሰነድን ባለቤት የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በሜጢ 1001 ቁጥር ለመዛኙ፣ በጋምቤላ ደግሞ ያው ቁጥር ለገንዘብ ያዡ ቢሰጥ፣ ሰነዶቹ በአንድ የጋራ ማከማቻ በተቀመጡ ጊዜ መዛኙ የገንዘብ ያዡ ሰነድ ባለቤት ሆኖ ይገኛል።

መድኃኒቱ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ማውጫ ማኖር ነው። ኮምፒዩተሮች ይህን ማውጫ የሚጠይቁበት ደንብ ኤልዳፕ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በሥራው የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተካፋይ ነበር። ኦፕንኤልዳፕ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ባለሱቅ ግን በዚህ ሊደክም አይገባውም።

ማውጫው በዋናው ቢሮ ከተተከለ በኋላ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ስምና የማይደገም አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በየቢሮው ባለው መሣሪያ ላይ ማውጫውን የሚጠይቅ ኤስኤስኤስዲ የተባለ ፕሮግራም ይጫናል። ሠራተኛው ሲሰናበት ስሙ አይሰረዝም፤ ይዘጋል እንጂ። ቢሰረዝና ቁጥሩ ለአዲስ ሰው ቢሰጥ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ሰነድ ይወርሳል። በቢሮዎቹ መካከል የሚያልፈውም የይለፍ ቃል የግድ በምስጢር የተሸፈነ መሆን አለበት።

የሜጢ መስመር ቢቋረጥ የቡና ግዢው መቆም የለበትም። ኤስኤስኤስዲ ከዚህ ቀደም የገባውን ሠራተኛ ማረጋገጫ በመሣሪያው ላይ ሊያቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን እንዲያደርግ ካልታዘዘ አያደርገውም፤ ሲታዘዝም የቀን ገደብ ካልተወሰነለት ያለ ገደብ ያቆየዋል። በገደቡ ውስጥ መስመሩ የተቋረጠበት መሣሪያ የተሰናበተውንም ሰው ያስገባል። ስለዚህ ለመዛኙ መሣሪያ ሦስት ቀን ቢፈቀድ ይበቃል፤ የገንዘብ ያዡ መሣሪያ ግን ምንም ባይፈቀድለት ይሻላል። ማውጫው ራሱ በተበላሸ ጊዜ መግቢያ እንዳይጠፋ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አንድ የኃላፊ ስም ለብቻው ይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በካዝና ውስጥ ይቆይ።