የእኛ ላም ማርስ ላይ ትኖራለች ወይ?

ዛሬ የምጽፈው ባለፈው እትም የሠራሁትን ስህተት ለማረም ነው። «ይህን ያውቃሉ?» በሚለው አምድ ላይ «ታርዲግሬድ የሚባል እንስሳ ጠፈር ላይ መኖር ይችላል» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙ ልጆች ወደውት ነበር። የሳይንስ መምህራችን ግን አንብበው ሲጨርሱ «እዚያ ምን ይበላል? እንዴትስ ይራባል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛዬ ደግሞ «እሱ ከኖረ የእኛም ላም ትኖራለች በለና!» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። እኔም ነገሩን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

እስቲ ከላሟ እንጀምር። ላሟን ማርስ ላይ አወረድናት እንበል። መጀመሪያ ደስ የሚላት ነገር አለ፤ ትቀላለች። የማርስ ስበት የመሬትን 38 በመቶ ያህል ስለሆነ እዚህ 300 ኪሎ የምትመዝን ላም እዚያ 114 ኪሎ የምትመዝን ያህል ይሰማታል። ደስታዋ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ብርዱ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአየር ግፊቱ ነው። ሶዶ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዳሞታ ተራራ ጫፍ ላይ ብናፈላ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳና ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ማርስ ላይ ያለው ግፊት ከመሬት ግፊት ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ የላሟ ምራቅና የዓይኗ እንባ እሳት ሳይነካቸው በራሷ በሰውነቷ ሙቀት ይፈላሉ። ይህን ሳነብ ዓይኔን አሻሸሁ።

ቬኑስስ? ቬኑስን ተዉት። ሙቀቱ 460 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርሳስ የሚባለው ብረት እንኳ የሚቀልጠው በ327 ነው።

«ታድያ ቤት ሠርተን ኦክስጅን ብናስገባላትስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ደግሞ ተሞክሯል። በ2021 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የምትባል ተሽከርካሪ ሞክሲ የሚባል መሣሪያ ይዛ ሄዳለች። መሣሪያው ከማርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅን አወጣ። እስከ 2023 ድረስ በተደጋጋሚ ሠርቶ ያወጣው ሁሉ ሲደመር ግን 122 ግራም ነው። ይህም አንዲት ትንሽ ውሻ በ10 ሰዓት የምትተነፍሰው ነው ይላሉ የናሳ ሰዎች። ሁለት ዓመት ተሠርቶ ውሻዋን ከጠዋት እስከ ማታ! መሣሪያው ለሙከራ የተሠራ ትንሽ ነገር ስለሆነ ግን አልናቅኩትም፤ መቻሉን አሳይቷል።

ኦክስጅን ተገኘ እንበል። ምን ትበላለች? እዚህ ሣርም የእንሰት ቅጠልም እንሰጣታለን። የማርስ አፈር ውስጥ ግን ፐርክሎሬት የሚባል መርዛማ ጨው አለ፤ ሳይታጠብ እንሰት አይተከልበትም። ደግሞ ላም ሣር የምትፈጨው ብቻዋን አይደለም። ሆዷ ውስጥ በጣም ብዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፤ እነሱ ከሌሉ ሣር ሞልቶላት በረሃብ ትሞታለች። ስለዚህ አንዲት ላም ወሰድን ስንል እነሱንም፣ ሣሩንም፣ አፈሩንም፣ ውሃውንም መውሰዳችን ነው።

መውለድስ? በ1990 ሚር በሚባለው የሶቪየት ኅብረት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የድርጭት እንቁላሎች ተፈልፍለው ጫጩት ወጣ። በጣም ደስ ይላል። ግን እዚያ ክብደት ስለማይሰማ ጫጩቶቹ ቆመው መልቀም አልቻሉም፤ አየር ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ ራሳቸውን ችለው መብላት አቃታቸው። የእኛ ጫጩት በተወለደች ቀን መሬቱን መጫር ትጀምራለች። መሬቱ ባይኖር ምን ትጭራለች? ማርስ ላይ ትንሽ ስበት ስላለ ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ ግን እስካሁን ማርስን የረገጠ አንድም እንስሳ የለም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ። ታርዲግሬድ ስምንት እግር አላት፤ ትልቋ እንኳ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በ2007 ሳይንቲስቶች የደረቁ ታርዲግሬዶችን በመንኩራኩር ልከው ለ10 ቀን አየር በሌለበት ባዶ ጠፈር አቆዩአቸው። ተመልሰው ውሃ ሲያገኙ ብዙዎቹ ነቁ፤ እንቁላልም ጣሉ። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ካገኛቸው ውስጥ የተረፉት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ልብ በሉ፤ የነቁት ጠፈር ላይ አይደለም፤ መሬት ተመልሰው ነው። ጠፈር ላይ ሳሉ ደርቀው ተኮማትረው ነበር፤ አልበሉም፣ አልሄዱም፣ አልተራቡም። ስለዚህ መምህር ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ «ምንም አይበላም፣ አይራባምም» ነው። እኔ «ይኖራል» ብዬ የጻፍኩት «ሳይሞት ይቆያል» መባል ነበረበት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ጥያቄ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ወደ አገራችንም እንደሚመጡ ታውቃላችሁ? አፋር ውስጥ ዳሎል አለላችሁ፤ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ በጣም የሞቁ፣ በጣም ጨዋማና ከባትሪ አሲድ የማይተናነሱ ናቸው። በ2019 አንድ የሳይንቲስቶች ቡድን እጅግ ከባድ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት አላገኘንም አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ በጣም ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝተናል ብሎ ጽፏል። እስካሁን ይከራከራሉ። እኔን የገረመኝ ግን ውሃ እያለ፣ አየር እያለ፣ እዚሁ መሬት ላይ ሆኖ ሕይወት መኖሩ የሚያጠራጥር ቦታ መገኘቱ ነው።

ዳሎል ሩቅ ነው ካላችሁ ሁምቦ ቅርብ ነው። ከደጋ የሄደች ጊደር ዓባያ ሐይቅ አካባቢ ቆላ ስትወርድ ጼጼ ዝንብ ይነክሳትና ገንዲ ይይዛታል። ገንዲ ደም ውስጥ በሚገባ ጥቃቅን ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከብቷ እየበላች ትከሳለች። አያቴ ለአክስቴ የላኩላት ጊደር እንዲህ ሆና ነበር፤ መድኃኒት ተወግታ ነው የዳነች። በስምጥ ሸለቆው ደቡብ ይህን ዝንብ ለማጥፋት ከ1997 ጀምሮ (ይኼም በፈረንጆች ነው) ፕሮጀክት ተይዞ ሲሠራ ቆይቷል። ወንድ ዝንቦችን አዲስ አበባ ቃሊቲ እያራቡ፣ በጨረር አምክነው ይለቋቸዋል፤ ሴቷ ከመካን ወንድ ጋር ስትገናኝ ልጅ አታገኝም። አያቴ የማርሱን ወሬ ስነግራቸው «ጊደሯ ሁምቦን መች ቻለችው?» ብለው ሳቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታርዲግሬድ ለማየት ጠፈር መሄድ አያስፈልግም። ክረምት ላይ ድንጋይና አጥር ላይ የምትበቅለው አጭር አረንጓዴ ለምለም ነገር ውስጥ ትገኛለች። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ሞልቷል። መምህራችን ዓርብ ከሰዓት ማይክሮስኮፑን ሊያወጡልን ቃል ገብተዋል፤ ማየት የሚፈልግ በክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ይምጣ።