ቁልፍ የሌላቸው የሚና ጨዋታዎች አፈላለግና አያያዝ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጤና አጠባበቅ፥ ስለ ታሪክና ስለ ሳይንስ ብዙ ቁም ነገር ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ የማቀርብላችሁ ትምህርት ግን ስለ ጨዋታ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ነገሩ ገንዘብ ተከፍሎበት የተገዛ ዕቃ በእውነት የገዢው መሆኑንና አለመሆኑን፥ እንዲሁም ጠባቂ በሌለበት ቦታ ታማኝ ሆኖ መገኘትን የሚመለከት ነውና። የተለየ ምልክት ካልሰጠሁ በቀር፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት

ዐሥረኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት፥ በውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ በውጤቴ ተደስቶ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ገዝቶ ሰጠኝ። እኔም በላፕቶፔ ላይ ጭኜ አያቴ ወደምትኖርበት ገጠር ይዤው ሄድሁ። በዚያ አገር ኔትዎርክ ከኮረብታው ጫፍ ካልወጡ በቀር አይገኝም። አንድ ሳምንት ያህል ደኅና አድርጌ ተጫወትሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጨዋታውን ብከፍተው፥ ባለቤትነቴ እንዲረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር እንድገናኝ የሚያዝ ጽሑፍ አወጣና አልከፈትም አለ። ላፕቶፑን ተሸክሜ ኮረብታውን ወጣሁ፤ በስልኬ ባገናኘውም መስመሩ ደካማ ስለ ነበረ ድካሜ ከንቱ ሆነ።

አያቴ ፊቴን አይታ፥ «ምን ሆንክ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የተገዛልኝ ዕቃ፥ የገዛኸኝ አንተ መሆንህን አስመስክር አለኝ» ብዬ ብነግራት፥ «ታዲያ ሻጩ ሣጥኑን ሸጦልህ ቁልፉን ለራሱ አስቀርቷላ!» አለችኝ። አያቴ ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም፤ ነገር ግን እኔ ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ አጭርና ትክክለኛ የሆነ ማብራሪያ አላገኘሁም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውም ተረት ትዝ አለኝ። ወደ ከተማ ስመለስ፥ ቁልፉን ጭምር የሚሸጥ ነጋዴ በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ መመርመር ጀመርሁ።

የሚና ጨዋታ ማለት ምን ማለት ነው?

የሚና ጨዋታ፥ በእንግሊዝኛው አጠራር አር ፒ ጂ የሚባለው፥ ተጫዋቹ በአንድ ታሪክ ውስጥ የአንድን ሰው ሚና ይዞ የሚኖርበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን ራሱ ይመርጣል፤ ጦረኛ፥ ጠቢብ ወይም አንደበተ ርቱዕ ሊያደርገው ይችላል። በየመንገዱ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ የሚሰጠው መልስም የታሪኩን ፍጻሜ ይለውጣል። መነሻው ኮምፒዩተር ሳይሆን ወረቀት፥ እርሳስና የመጫወቻ ዳይ ነበር። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ፤ የኮምፒዩተሮቹም ጨዋታዎች ብዙውን ሥርዐታቸውን ከዚያ ወረሱ።

ቁልፍ በሁሉም ዓይነት ጨዋታ ላይ ይጎዳል፤ በሚና ጨዋታ ላይ ግን ጉዳቱ ይከፋል። አንዱን ታሪክ ለመጨረስ ሃምሳ ወይም መቶ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ተማሪ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ የሚያገኘው በየዕረፍቱ እየቆራረጠ ስለ ሆነ፥ አንዱ ጨዋታ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። በመካከሉ በሩ ቢዘጋ ግማሹ የተነበበ መጽሐፍ ከእጅ እንደ መነጠቅ ነው።

የቁልፉ ታሪክ

ጨዋታ ሠሪዎች ቁልፍ ያበጁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒዩተር ፋይል በቀላሉ ይገለበጣል፤ የተገለበጠውም ከዋናው አይለይም። ስለዚህ አንድ ሰው ገዝቶ መቶ ሰው ቢገለብጥ ሠሪው ይከስራል።

የመጀመሪያዎቹ ቁልፎች ከወረቀት የተሠሩ ነበሩ። በ1988 የወጣው «ፑል ኦፍ ሬዲያንስ» ከሣጥኑ ውስጥ የሚሽከረከር የካርቶን ክብ ነበረው፤ ኮምፒዩተሩ ምልክት ሲያሳይ ተጫዋቹ ክቡን አዙሮ ቃሉን መጻፍ ነበረበት። በ1994 የወጣው «ዚ ኤልደር ስክሮልስ፥ አሪና» ደግሞ ከመመሪያው መጽሐፍ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። መጽሐፉ የጠፋበት ሰው ጨዋታውም ጠፋበት ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ቁልፉ ከወረቀት ወደ መስመር ተዛወረ። ይህ ዓይነቱ ቁልፍ በአጭሩ ዲ አር ኤም ይባላል። በ2008 ለኮምፒዩተር የወጣው «ማስ ኤፌክት» መጀመሪያ ሲሸጥ በሦስት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዲጫን ተወስኖ ነበር። በ2012 የወጣው «ዲያብሎ 3» ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን ይጠይቅ ስለ ነበር፥ በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩ ተጨናንቆ ብዙ ገዢዎች ሊገቡ አልቻሉም።

ነገሩ እስከ ሕግ አውጪዎች ደርሷል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ፈርሞ ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ሕግ፥ ሻጩ ሊነሣ የሚችል የመጠቀም ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ገዢው ከግዢ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት የሚችል ቋሚ ፋይል የሚሰጠው ዕቃ ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። እንግዲህ የአያቴ ሣጥንና ቁልፍ በሕግም ተለይተው ታወቁ ማለት ነው።

ቁልፉን የጣሉት ሰዎች

ያለ ቁልፍ በመሸጥ ስሙ የታወቀው መደብር የተወለደው የተገለበጠ ዕቃ እንደ ልብ ይሸጥበት በነበረ አገር ነው። በፖላንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተገለበጡ ጨዋታዎች በገበያ ላይ በግልጽ ይሸጡ ነበር። በ1994 ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሐው ኪቺንስኪ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሲዲ ፕሮጄክት የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1999 «ባልደርስ ጌት» የተባለውን ትልቅ የሚና ጨዋታ ወደ ፖላንድኛ አስተርጉመው ሲያቀርቡ፥ ገልባጩን በቁልፍ ሳይሆን በተሻለ ዕቃ ለማሸነፍ ቆረጡ፤ ከጨዋታው ጋር ካርታና ሌላም ስጦታ በአንድ ሣጥን አድርገው ሸጡ። ሕዝቡም ገዛቸው።

ይኸው ኩባንያ በ2008 «ጉድ ኦልድ ጌምስ»፥ ማለት መልካም የቆዩ ጨዋታዎች፥ የተባለውን መደብር ከፈተ። እንደ «ፎልአውት» ያሉትን የቆዩ ጨዋታዎች በአዲሱ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ አስተካክሎ ያለ ምንም ቁልፍ ይሸጥ ጀመር። በ2012 ስሙን ወደ ጎግ አሳጥሮ አዳዲሶችንም ጨመረ። በ2011 ኩባንያው ራሱ የሠራው «ዊቸር 2» በዲስክ ሲሸጥ ቁልፍ ነበረበት፤ ነገር ግን ቁልፉ ጨዋታውን ስላዘገየው ከጥቂት ቀናት በኋላ አነሡት። በ2015 የወጣው «ዊቸር 3» በጎግ ያለ ቁልፍ ቀርቦ ሳለ፥ እስከ 2023 በሁሉም መደብሮች በጠቅላላው ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እንግዲህ ገዢን ማመን የግድ ያከስራል የሚለው ሐሳብ በዚህ ምሳሌ አልጸናም።

አፈላለጉ

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ፈላጊ የሆነ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ይመልከት።

አንደኛ፥ ከመደብሩ ይጀምር። በጎግ የሚሸጡት ሁሉ ያለ ኢንተርኔት የሚጫን ፋይል አላቸው። ከቆዩት «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት»፥ ከአዲሶቹ ደግሞ በ2023 የወጣው የቤልጂጉ የላሪያን ስቱዲዮስ ሥራ «ባልደርስ ጌት 3» ይገኙበታል። ኢች አዮ በተባለው መደብር ደግሞ ትንንሽ ሠሪዎች ሥራቸውን ይሸጣሉ።

ሁለተኛ፥ በቀጥታ ከሠሪው መግዛትን አይዘንጋ። ስፓይደርዌብ ሶፍትዌር የተባለው ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ የሲያትል ትንሽ ድርጅት «አቨርነም» የተባሉትን የሚና ጨዋታዎች ያለ ቁልፍ ይሸጣል። ሥዕላቸው ቀላል ስለ ሆነ በደካማ ኮምፒዩተር ይሠራሉ፤ ከመግዛት በፊትም በነጻ የሚሞከር ክፍል አላቸው።

ሦስተኛ፥ በነጻ የተለቀቁትን ይፈልግ። ከላይ የጠቀስሁት «አሪና» በ2004፥ ተከታዩ «ዳገርፎል» በ2009 በባለቤታቸው ፈቃድ በነጻ ተለቀቁ። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከእነዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

አራተኛ፥ በሌላ መደብር የሚሸጠውን ሳይመረምር አይግዛ። አንዱ ጨዋታ በአንዱ መደብር በቁልፍ፥ በሌላው ያለ ቁልፍ ሊሸጥ ይችላል። ፒሲ ጌሚንግ ዊኪ የተባለው የመረጃ መዝገብ ይህን በየጨዋታው ለይቶ ያሳያል።

አምስተኛ፥ ካወረደ በኋላ ይፈትን። ኢንተርኔቱን ዘግቶ ይጫነው፤ ደግሞም ይክፈተው። ከሠራ የእርሱ ነው። ከሌሎች ጋር በመስመር የሚጫወቱበት ክፍል ግን በጠባዩ ኢንተርኔት ሊፈልግ እንደሚችል ይወቅ።

ስድስተኛ፥ ፋይሉን በሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። መደብር ሊዘጋ፥ የይለፍ ቃልም ሊጠፋ ይችላልና። መጠኑንም አስቀድሞ ይመልከት፤ «ባልደርስ ጌት 3» 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። የዳታ ዋጋ የሚከብደው ሰው በጎግ ትልልቁ ፋይል በየ4 ጊጋባይቱ ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ ቀስ በቀስ ማውረድ ይችላል።

የእኔ ጥፋት

ይህን ሁሉ ካስተማርሁ በኋላ የራሴን ጥፋት ብደብቅ ጽሑፌ ሐሰተኛ ይሆናል። አጎቴን ለምኜ አንድ ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ጨዋታ አስገዛሁ። እናቴ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ሲከፈት አይታ፥ «ልጄ፤ የተሰረቀ እንዳይሆን?» አለችኝ። ደረሰኙን አሳየኋትና በኩራት፥ «አይደለም እማዬ፤ ሻጩ ስላመነኝ ነው» ብዬ መለስሁላት።

ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ጓደኛዬ ጠየቀኝና በፍላሽ ገለበጥሁለት። «አንድ ሰው ምን ይጎዳል?» አልሁ። ሌላውም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ ከሌላ ክፍል የመጣ፥ የማላውቀው ልጅ ያንኑ ጨዋታ በሃምሳ ብር ልሽጥልህ አለኝ። ፍላሹን ሳየው ፋይሉን የሰየምሁበት የገዛ ራሴ ስም ነበረበት። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም፤ ለእናቴ የሰጠሁት መልስ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ለኮምፒዩተር መምህራችን ሄጄ ተናዘዝሁ። እርሳቸውም ሳይቆጡ፥ «ቁልፍ የሌለው ቤት ባለቤት የሌለው ቤት ማለት አይደለም» አሉኝ። አገራችንም በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ያወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጭምር እንደሚጠብቅ አስረዱኝ። ለራስ መጠባበቂያ መገልበጥ ሌላ፥ ለሰው ማደል ግን ሌላ መሆኑን ያን ጊዜ ለየሁ።

ከዚያ በኋላ የሰጠኋቸውን ልጆች አንድ በአንድ ዞሬ እንዲያጠፉት ለመንኋቸው። አራቱ አጠፉልኝ፤ ሁለቱ ሳቁብኝ፤ የቀሩት የት እንደ ደረሱ አላውቅም። በምትኩ በነጻ የተለቀቀውን «ዳገርፎል» ጫንሁላቸው። ዛሬ ከእነዚያ ከሳቁብኝ አንዱ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት እየታገዘ ሲጫወተው አገኘዋለሁ።

መደምደሚያ

ወላጆች ሆይ፤ ለልጃችሁ ጨዋታ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀር ጠይቁ። መምህራን ሆይ፤ በኮምፒዩተር ትምህርት ውስጥ ስለ ባለቤትነት አንድ ክፍለ ጊዜ ብትመድቡልን ብዙዎቻችንን ከጥፋት ታድናላችሁ። ጓደኞቼ ሆይ፤ ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ነጋዴ ገና ሳያየን አምኖናል። ይህ እምነት እንዲቀጥል ወይም እንዲቀር የምናደርገው እኛ ነን፤ ገልባጭ በበዛ ቁጥር ቁልፉ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም ኮረብታ የሚወጣው የእኔ ቢጤ የገጠር እንግዳ ነው።

ዘንድሮም ክረምት ሲገባ ወደ አያቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጨዋታዬን በሃርድ ዲስክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ኮረብታውን ግን ለሽርሽር ብቻ እወጣዋለሁ።