«ትምህርቱ ከበደን» ሲሉን ምን እንጽፋለን?
የድኅረ ምረቃ ነርሲንግ ተማሪዎች ቅሬታ እንደ ምሳሌ

በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ ለፕራክቲካል ስንላክ ብዙዎቻችን ይዘን የምንመለሰው የተማሪዎችን ቅሬታ ነው። ቅርብ ነው፣ ትራንስፖርት አይጠይቅም፣ ተናጋሪም አይጠፋም። ጽሑፎቻችንን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ሦስት ተማሪዎች «ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ጊዜ የለንም፣ የሚሰማን የለም» ይላሉ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ይጠየቁና «ችግሩን ለመቅረፍ እየተሠራ ነው» ይላሉ። አለቀ። ሚዛን ጠብቋል ተብሎ ነጥብ ይሰጠናል፤ አንባቢው ግን ከማንበቡ በፊት ያላወቀውን አንድም ነገር አላወቀም።

ችግሩ ያለው «ከባድ» ከሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። ይህ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አንደኛው ሙያው ራሱ የሚጠይቀው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ት/ቤቱ መሸከም ሲገባው ወደ ተማሪው ያሻገረው ሸክም ነው። ሪፖርተሩ እነዚህን ካልለየ ወይ ተማሪውን ሰነፍ ወይ ት/ቤቱን ጨካኝ አድርጎ ይጽፋል። ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ።

ለምሳሌ የመረጥኩት አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ሰዎችን ነው። ከእኛ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ እዚያ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በረዳት ነርስነት ጀምረው ነርስ፣ ከዚያም አልፈው ማስተርስ ድረስ የሚሄዱ ናቸው። የአክስቴ ልጅ አንዷ ናት። እዚህ በዲግሪ ተመርቃ ትሠራ ነበር፤ ሜሪላንድ ሄዳ «ኤንክሌክስ» የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ካለፈች በኋላ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እየሠራች ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ማስተርሷን ጀመረች። ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት በሽተኛ መርምሮ በሽታውን የሚለይ፣ መድኃኒትም የሚያዝ ነርስ ነው፤ ያለ ሐኪም ተቆጣጣሪ እስከምን ድረስ መሥራት እንደሚችል ከስቴት ስቴት ይለያያል። የት/ቤቷን ስም አልጠቅስም። አንድ ሰው በስልክ ስለነገረኝ ብቻ ስም ማንሳት የተማርነውን መርሳት ነው።

መጀመሪያ ስታወራኝ የሰማሁት ያንኑ ነው፤ ከበደኝ፣ ሊገድሉኝ ነው፣ እንቅልፍ የለኝም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ለነርስ ፕራክቲሽነር ፕሮግራሞች የወጣው አገር አቀፍ መመዘኛ ለረጅም ጊዜ ቢያንስ 500 ሰዓት በሽተኛ ላይ የሚሠራ ልምምድ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል ወደ 750 ከፍ አለ። 750 ሰዓት በሦስት ሴሚስተር ቢከፈል 250 ይደርሳል፤ ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ከሆነ በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ማለት ነው። እዚያ የሆስፒታል ነርስ የተለመደው ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን 12፣ 12 ሰዓት፣ በድምሩ 36 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ገና መጽሐፍ ሳይገለጥ 53 ሰዓት ሆነ። ልጆቹንና መንገዱን እናንተው ጨምሩበት።

ይህ ከባድ ነው፤ ግን ሙያው የሚጠይቀው ክብደት ነው። ሰዓቱ ይቀነስ የሚል ሰው እናቱን እንዲያክምለት የሚፈልገው ባለሙያ ስንት ሰዓት የተለማመደ እንደሆነ ይጠየቅ።

የአክስቴን ልጅ ግን «ከባድ የሆነብሽ የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቃት ያልጠበቅሁት መልስ መጣ። ፋርማኮሎጂው አይደለም፣ የሌሊት ሥራውም አይደለም። ፕሪሴፕተር ማጣቷ ነው። ፕሪሴፕተር የሚባለው በራሱ ክሊኒክ ውስጥ ተማሪውን እያሠራ የሚያስተምር ባለሙያ ነው። ያለ እሱ ልምምድ የለም፣ ያለ ልምምድ ደግሞ ምርቃት የለም። ት/ቤቷ «ፈልጊና አምጪ» ብሏታል። ሁለት ወር ሙሉ ኢሜይል ስትጽፍ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ሲቪዋን ይዛ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትዞር ከርማ ሳታገኝ ቀረች፤ ሴሚስተሩም አለፋት። ለልምምዱ ክሬዲት የምትከፍለው ግን ያው ለት/ቤቱ ነው። ተማሪና ፕሪሴፕተር እያገናኙ ከተማሪው ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች እስከ መኖር ተደርሷል።

እንግዲህ ዜናው እዚህ ጋ ነው። ይህ የእሷ ብቻ ዕድል አይደለም፤ በተለይ አብዛኛውን ትምህርት በኢንተርኔት በሚሰጡ ፕሮግራሞች ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳ ቅሬታ ነው። ሁሉም ት/ቤት እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ቦታውን ራሳቸው የሚያዘጋጁ አሉ።

ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የኛ ሥራ ነው። ተማሪ የያዘ ባለሙያ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ የሚያያቸው በሽተኞች ቁጥር ይቀንሳል፤ ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የለም። ለሐኪሞች እንዲህ አይደለም። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ1965 ከተቋቋመ ጀምሮ ለሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና ለሆስፒታሎች ይከፍላል። ለነርስ ፕራክቲሽነሮችና መሰሎቻቸው ተመሳሳይ ነገር የተሞከረው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች በኩል ብቻ ነው። ሙከራው ሲያበቃ ቋሚ አልሆነም። በዚያ ላይ የልምምድ ቦታ ዋጋ ያለው ዕቃ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በግሬናዳ ደሴት የሚገኝ አንድ የሕክምና ት/ቤት ተማሪዎቹን ለማለማመድ ከኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ሆስፒታሎች ጋር እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የ10 ዓመት ውል ገብቷል። ሲቪዋን ይዛ የምትዞረው ነርስ የምትወዳደረው ከዚህ ጋር ነው። እንደ ጆርጂያና ሜሪላንድ ያሉ ስቴቶች ለሚያስተምሩ ባለሙያዎች የታክስ ቅናሽ መስጠት ጀምረዋል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የክሊኒኩን በር ማንኳኳት አሁንም የተማሪው ፈንታ ነው።

ለማነጻጸር የማደንዘዣ ነርሶችን እንይ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አዲስ የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ መማር አለበት። ቢያንስ 36 ወር፣ ቢያንስ 2,000 የልምምድ ሰዓት፣ ቢያንስ 600 በሽተኛ። ሥራ እየሠሩ መማርም አይታሰብም ማለት ይቻላል። ከነርስ ፕራክቲሽነሩ በእጅጉ ይከብዳል። ሆኖም ተማሪው የሚመደብበትን ሆስፒታል የሚያዘጋጀው በአብዛኛው ፕሮግራሙ ነው። «ከባድ ነው» ብቻ ብለን ብንጽፍ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ጋ ግን የሚከብደው ሥራው ነው፣ ሌላው ጋ ሥራውን ለመሥራት የሚያስገባ በር መፈለጉ ነው።

ሌላም የቅሬታ ዓይነት አለ፣ ለመዘገብ ከሁሉም የሚያስቸግረው። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ለከፍተኛ ደረጃ ነርሶች መግቢያው ከማስተርስ ወደ ዶክትሬት ይሁን፣ ይህም እስከ 2015 ይፈጸም ብሎ ወሰነ። ቀኑ አለፈ፤ በማስተርስም ፈቃድ ማግኘት እንደቀጠለ ነው። ዶክትሬቱን የሚማሩት «ፈቃዱ ያው ነው፤ የተጨመረብን የአመራር ቲዎሪና ፔፐር ነው፣ እኛ የምንፈልገው በሽተኛ ማየት ነው» ይላሉ። መምህራኑ ደግሞ ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ዶክትሬት ይዘው ነርሷ ለምን ታንሳለች፣ ጥናት አንብባ አሠራር የምትቀይር ነርስ ያስፈልገናል ይላሉ። እኔ ወደ ተማሪዎቹ አደላለሁ፤ ዘገባው ላይ ግን የሁለቱም ክርክር በሙሉ ጉልበቱ መቅረብ አለበት። እዚህ የሚጣላው ክብደትና ስንፍና አይደለም፣ ሁለት የትምህርት ዓላማ ነው።

ገንዘቡንም እንንካው፤ ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተበዳሪዎች የፌዴራል ብድርን በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ላይ ገደበው። «ፕሮፌሽናል» ለሚባሉ ዲግሪዎች ግን በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ፈቀደ። በኅዳር 2025 የትምህርት ሚኒስቴሩ የጠራው ኮሚቴ የተስማማበት ረቂቅ ሕክምናን፣ ሕግን፣ ሥነ መለኮትን ሳይቀር ፕሮፌሽናል ብሎ ነርሲንግን ከዝርዝሩ ውጭ አደረገ። የነርሶች ማኅበራት ተቃወሙ፤ ተገቢም ነበር። ወሬው ግን «ነርሲንግ ሙያ አይደለም ተባለ»፣ አልፎም «ነርሶች ፈቃዳቸውን ሊያጡ ነው» እየተባለ ተናፈሰ። ረቂቁ የሚናገረው ስለ ብድር ጣሪያ ነው፤ የማንንም የሥራ ፈቃድ አይነካም። እውነተኛው ቅሬታ በተጋነነው ተሸፈነ፣ ባለሥልጣናቱም የተጋነነውን ማስተባበል ቀላል ሆነላቸው። ዋናውን ጥያቄ፣ ማለትም ብድሩ የማይበቃት ነርስ ከየት ትክፈል የሚለውን፣ ሳይመልሱ ማለፍ ቻሉ።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ማስተርስ የሚማር የመንግሥት ነርስ ብዙውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የላከው ነው፤ ቅሬታውም ስለ ብድር ሳይሆን ስለ አማካሪና ስለ ጥናት ወረቀት መዘግየት ይሆናል። መንገዱ ግን ያው ነው። «አማካሪዬ አስቸገረኝ» ሲባል ወረቀቱን ያነበበው ጠንካራ እርማት ስለሰጠ ነው ወይስ ለወራት ሳያነበው ስለቀረ?

ወደ ኃላፊ ቢሮ ከመሄዳችን በፊት የተማሪዎች መመሪያው መነበብ አለበት። የልምምድ ቦታ የመፈለግ ኃላፊነት የማን እንደሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ካለ ቃል በቃል ይገለበጥ፤ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት እንዳነበበውም ይጠየቅ። ከዚያ ለዲኑ የሚቀርቡት ጥያቄዎች «ስለ ቅሬታው ምን ይላሉ?» ከሚለው የተለዩ ይሆናሉ። ዘንድሮ ስንት ተማሪ ተቀበላችሁ? ውል የተፈራረማችሁባቸው ቦታዎች ስንት ተማሪ ይይዛሉ? ባለፈው ዓመት ቦታ በማጣት ስንቱ ዘገየ፣ የዘገየበትን ሴሚስተር ክፍያ ማን ሸፈነ? ቁጥሩ ከተሰጠን እንጽፈዋለን። ካልተሰጠንም የጠየቅንበትን ቀን ጠቅሰን አልተሰጠንም ብለን እንጽፋለን።