የስም መጥሪያውም የጤና መሣሪያ ነው
(ከጎንደር የጤና ኮሌጅ ለዕጩ መምህራን የሚሆን ትምህርት)

ጽሑፌን በራሴ ጥፋት ልጀምር። በቱላ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰኞ ቀረ፣ ማክሰኞ መጣ፣ ረቡዕ ቀረ፣ ሐሙስ መጣ። እኔም «ይኼ ልጅ ቀን እየመረጠ ነው የሚማረው!» አልኩና ሐሙስ ዕለት በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። ዓርብ እንደገና ቀረ። እናቱ መጥተው «መምህር፣ ልጁን እኮ አንድ ቀን እያለፈ ያንቀጠቅጠዋል» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተባዝቶ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ሕዋሳቱን ያፈነዳል። በዚያን ጊዜ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ከዚያም ያልበዋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ደህና ይመስላል። ፋልሲፓረም የተባለው ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይጠብቅ ቶሎ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ የበሽታው ምልክት በስም መጥሪያዬ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ይህ ነገር የጎንደርን ታሪክ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሐይቅ ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ያን ጊዜ በአገራችን የሐኪም ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር፤ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም በብዛት በከተማ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ተቋቋመ።

የኮሌጁ ዓላማ ምን ነበር? በሽተኛ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ወደ ገጠር ወርዶ በሽታን ከምንጩ መከላከል ነው። ለዚህም ሦስት ዓይነት ሙያተኞች አብረው ሠለጠኑ፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል፤ ነርሷ እናትንና ሕፃንን በየቤቱ ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ ውኃውን፣ መጸዳጃውንና ትንኝ የሚራባበትን ቦታ ያያል። ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠሩ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በእኛም ከተማ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሐኪም ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል።

ታዲያ መምህሩ የት ላይ ነው? «እኔ ፊደል አስተማሪ ነኝ» ብሎ የሚቀመጥ ካለ ተሳስቷል። ስድሳ ልጅ በየማለዳው ስሙ እየተጠራ የሚታየው በእኛ ፊት ነው፤ ይህን ዕድል የትኛውም ጤና ጣቢያ አያገኘውም። ስለዚህ፦

1ኛ/ የቀረ ልጅ ከመቀጣቱ በፊት ለምን እንደቀረ ይጠየቅ። በተለይ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት የወባ ጊዜ ነው።

2ኛ/ ያተኮሰው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመረመር ለወላጅ ይነገር።

3ኛ/ ብዙ ልጆች ባንድ ሳምንት ከቀሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገራት። ወረርሽኝ ሲጀምር እንዲህ ነው።

4ኛ/ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎችን ይዘን በግቢው ያቆረውን ውኃ እናፍስ፤ አጎበርም ለመኝታ መሆኑን እናስረዳ።

ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ተመልሷል። ይቅርታ ስጠይቀው ዝም ብሎ ሣቀ። እኔ ግን ዛሬም «ቀሪ» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶዬ ጥቂት ይቆማል። የእናንተም ይቁም።