አቀንጭራና ማሽላ

የሚከተለው ምንባብ የምክንያትና የውጤት ድርሰት ነው። በምታነቡበት ጊዜ እያንዳንዱ ውጤት ከየትኛው ምክንያት እንደ መነጨ አስተውሉ።

በሰሜን ወሎ፣ ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ በማሽላ ምርቱ የታወቀ ነው። ለቆቦ ገበሬ ማሽላ እንጀራው ብቻ አይደለም፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃውም ማገዶ ነው። ስለዚህ ማሽላው የተጎዳ እንደ ሆነ ችግሩ ከጎተራው አልፎ እስከ በረቱ ይደርሳል።

ከማሽላ ዋነኛ ጠላቶች አንዱ አቀንጭራ የተባለው አረም ነው። አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚማርክ ስለ ሆነ ለማያውቀው ሰው ጠላት አይመስልም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል ብቻውን በአሥር ሺህ የሚቈጠር ዘር ይበትናል። ይህም ዘር ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር በአጠገቡ ሲዘረጋ፣ ከሥሩ የሚመነጨው ንጥረ ነገር ያነቃዋል፤ ከበቀለም በኋላ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጣል። በመሆኑም ገበሬው አረሙን ከመሬት በላይ በሚያይበት ጊዜ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል።

ታዲያ ዘግይቶ ማረም ምን ይጠቅማል? የዘንድሮውን አዝመራ እምብዛም ባያድንም፣ አረሙ ዘር ሳያፈራ የተነቀለ እንደ ሆነ የከርሞውን ይታደጋል። ይሁን እንጂ መንቀል ብቻውን አይበቃም። ሰሊጥና ጥጥ የአቀንጭራን ዘር ያስበቅላሉ፤ ነገር ግን ሥራቸው ስለማይመግበው ቡቃያው ይሞታል። ስለዚህ ማሽላን ከእነርሱ ጋር ማፈራረቅ ይበጃል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ ስለሚበረታም ማሳን በፍግ ማዳበር ያስፈልጋል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ ዝርያዎች ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

ዘሩን ነፋስና ጎርፍ ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሱታል። ስለሆነም ጎረቤቱ ቸል ያለበት ገበሬ ብቻውን ቢያርም ድካሙ ከግማሽ አያልፍም፤ አቀንጭራ በደቦ የሚታረም ጠላት ነው።

መልመጃ

1. ዘግይቶ ማረም የዘንድሮውን ሳይሆን የከርሞውን አዝመራ የሚያድነው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እና «ስለሆነም» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ጻፉ።
3. «የተነቀለ እንደ ሆነ» የሚለውን ሐረግ «ቢነቀል» በሚለው ተክታችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ሰብልን ስለሚጎዳ አንድ አረም ወይም ተባይ፣ መንስኤውን፣ ጉዳቱንና መከላከያውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ድረሱ።